የጎደሉት 446 መስመሮች
ከመዝገብ ንዑስ ኮሚቴ

የመረዳጃ ሣጥናችን መዝገብ ወደ አዲሱ ዳታቤዝ ሲዛወር 446 መስመሮች እንደጎደሉ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ በአጭሩ ተገልጾ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ስለበዛና ወሬውም ከእኛ ቀድሞ ጁኒዬና ትሪፖሊ ስለደረሰ፣ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ በዚህ ገጽ ላይ ማስረዳት ግድ ሆኖብናል። ገንዘብ አልጠፋም፤ የሰረቀም የለም። የጎደለው «እገሌ ከፍላለች» የሚለው ቃል ነው። ይህም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም።

እንደሚታወቀው ሣጥኑ የተማሪዎች ብቻ አይደለም። ከ612ቱ አባላት የሚበዙት በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን ናቸው። በ2019 ሊባኖስን የገንዘብ ቀውስ ሲመታት፣ በ2020 ደግሞ ብዙ የቤት ሠራተኞች ደመወዛቸውን ሳያገኙ ከአሠሪ ቤት እየወጡ በቤይሩት የቆንስላችን ደጃፍ ላይ ሲወድቁ፣ ለአንዳንዶቹ የቲኬት መግዣ የተገኘው ከዚሁ ሣጥን ነው። ደንቡም ግልጽ ነው፤ ሦስት ወር መዋጮ ያጓደለ አባል እስኪያሟላ ድረስ እርዳታ አይጠይቅም። እንግዲህ ከመዝገብ አንድ መስመር ሲጎድል፣ ያቺ መስመር አገር መግቢያ ልትሆን ትችላለች።

መዝገቡ በወረቀት ሲኖር ችግሩ ሌላ ነበር። ከ2018 እስከ 2023 የተሰበሰበው መዋጮ በአራት ከተማ ባሉ ሰብሳቢዎች እጅ በተለያየ ደብተር ተጽፎ፣ በኋላ በየጊዜው ወደ ኤክሴል ተገልብጦ ነበር። ከእኛ በፊት የነበረው ኮሚቴ ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ ለማድረግ ሲያስብ፣ በኮምፒዩተር ትምህርት የመመረቂያ ሥራውን ይሠራ የነበረ አንድ ወንድማችን ሦስት አሮጌ ኮምፒዩተሮችን በሦስት ቤት አስቀምጦ በካሳንድራ አገናኛቸው፤ የመዝገቡንም ሠንጠረዥ ቀረጸ፤ ተመርቆም ሄደ። ለ612 ሰው መዋጮ ሦስት ኮምፒዩተር ማሰለፍ ለአንድ ጣሳ ጠላ ጋን እንደ መጥመቅ ነው የሚሉ አሉ። በበኩላችን ሙሉ በሙሉ አንቃወማቸውም። ይሁን እንጂ የመንግሥት መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ በሚመጣበት፣ የሰፈር ጄኔሬተር ኢሽቲራክም እንደ ባለቤቱ ጸባይ በሚበራበትና በሚጠፋበት አገር፣ አንዱ ቤት ሲጨልም ሁለቱ እንዲሠሩ ማሰቡ እብደት አልነበረም። ለትምህርታችንም ጠቅሞናል።

ካሳንድራን ለማያውቁ ጥቂት እንበል። በፌስቡክ ውስጥ አቪናሽ ላክሽማንና ፕራሻንት ማሊክ የሠሩት፣ በ2008 ለሁሉም ክፍት የተደረገ፣ በ2010 ከአፓቼ ዋና ፕሮጀክቶች አንዱ የሆነ ዳታቤዝ ነው። አባቶቹ ሁለት ናቸው፤ ጉግል በ2006 ያስተዋወቀው ቢግቴብልና አማዞን በ2007 ያሳተመው የዳይናሞ ጽሑፍ። ስሙ የተወሰደው በግሪክ ተረት ትንቢቷ እውነት ሆኖ ሳለ የሚያምናት ካጣችው ሴት ነው። የእኛዋ ካሳንድራ ግን ትንቢትም አልተናገረች፤ ዝም ነው ያለችው።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ፋይሉን ስናስገባ 14,386 መስመሮች ነበሩት። ኮፒ የሚባለው ትእዛዝ ሥራውን ሲጨርስ 14,325 ማስገባቱን፣ 61 መስመሮችን ደግሞ ሊያነባቸው አለመቻሉን ተናገረ። ቆጠራ ስንጠይቅ 13,641 አለ። ጥቂት ቆይተን ደግመን ስንጠይቅ 13,790 አለ። አንድ መዝገብ በአንድ ምሽት ሁለት ቁጥር ሲናገር ከማስፈራት አልፎ ያናድዳል።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ በመብራት ላይ ወደቀ፤ ጥርጣሬውም መሠረት ነበረው። ፋይሉ በሚገባበት ሌሊት አንደኛው ቤት ጨልሞ አድሯል። እያንዳንዱ መስመር በሦስቱም ኮምፒዩተር ላይ ቅጂ እንዲኖረው ታዟል፤ ነገር ግን ኮፒ ካልተነገረው በቀር ከአንዱ ብቻ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ካገኘ ይበቃዋል። ለቀረው ኮምፒዩተር ሌሎቹ ማስታወሻ ይይዙለታል፤ ማስታወሻው የሚያዘው ግን ካልተቀየረ በቀር ለሦስት ሰዓት ብቻ ነው። መብራቱ ከዚያ በላይ ስለቆየ አንዱ ኮምፒዩተር ብዙ ሳያውቅ ነቃ። ቆጠራውም እርሱ ሲመልስ አንድ ቁጥር፣ ሌላው ሲመልስ ሌላ ቁጥር ይሆናል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ሦስቱን በሪፔር ትእዛዝ አስተያይቶ ማስታረቅ፣ ከዚያም ቢያንስ ሁለቱ በሚስማሙበት ደረጃ መቁጠር። ይህን ስናደርግ ቁጥሩ 13,879 ላይ ቆመ። አሥር ጊዜ ብንጠይቅ አሥር ጊዜ 13,879።

መብራቱ እንግዲህ ነጻ ወጣ። ገቡ ከተባሉት 14,325 ላይ አሁንም 446 ይጎድላሉ፤ የስሕተት ፋይሉ ውስጥ ደግሞ ስለ እነርሱ አንዲት ቃል የለም።

ወደ እነርሱ ከመሄዳችን በፊት በግልጽ የተመለሱትን 61 መስመሮች እንጨርስ፤ ነገራቸው ያስቃል። ሰብሳቢዎቻችን ቀኑን በአገራችን አቆጣጠር ነው የጻፉት፤ ሠንጠረዡ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያስብ የቀን ዓምድ አለው። 61ዱም ጳጉሜ ወይም ጥቅምት 29 እና 30 ነበሩ። ጳጉሜ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሆነች ተቀባይነት አጣች። ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ፌብሩዋሪ 29 እና 30 አድርጎ አነበበውና «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለ። የ2012 ጥቅምት 29 ብቻ ሾልኮ አልፏል፤ በፈረንጅ 2012 ፌብሩዋሪ 29 ቀን ነበረችና። ከሳቁ በስተጀርባ ግን ቁም ነገር አለ። የተመለሱት 61 የሌሎቹን ሁሉ በሽታ ነው ያሳዩን። ያለ አንዳች ተቃውሞ የገባው መስመር ሁሉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ነበር። ስለዚህ ቀኑን በቀን ዓይነት ከማስገባት ይልቅ ዓመቱን፣ ወሩንና ዕለቱን በሦስት ተራ ቁጥር ለያየነው፤ ጳጉሜም ቦታዋን አገኘች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በተለመዱት ዳታቤዞች፣ ማለትም ኤድጋር ኮድ በ1970 ባቀረበው ሐሳብ ላይ በቆሙት ዘንድ፣ ሁለት መስመሮች አንድ ዓይነት ዋና ቁልፍ ይዘው ቢመጡ ሁለተኛው በር ላይ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ይነገረዋል። ካሳንድራ እንዲህ አታደርግም። በፍጥነት ለመጻፍ ስትል ከመጻፏ በፊት «ይህ ቁልፍ አለን?» ብላ አታነብም። ካለ ትጽፍበታለች፣ ከሌለ ትፈጥረዋለች፤ ለእርሷ አዲስ ማስገባትና የነበረውን መለወጥ አንድ ሥራ ነው። ሁለት ጽሑፎች ሲጋጩም በሰዓት ማኅተሙ የኋለኛው ያሸንፋል። ኮፒ ፋይሉን ከፋፍሎ በብዙ እጅ ስለሚያስገባው ደግሞ «የኋለኛው» ማለት በፋይሉ ውስጥ ከታች ያለው ማለት ላይሆን ይችላል። የትኛው መስመር እንደሚተርፍ በዕጣ የተመረጠ ያህል ነው።

የተቀረጸው ዋና ቁልፍ አራት ዓምዶች የተጣመሩበት ነበር፤ ከተማ፣ ስም፣ ዓመት፣ ወር። ከመካከላችን አንዳንዶች ጥፋቱ በቅንፉ ነው አሉ። በካሳንድራ ከጥምር ቁልፍ ውስጥ የመጀመሪያው ዓምድ ብቻ መስመሩ በየትኛው ኮምፒዩተር እንደሚቀመጥ ይወስናል፤ የቀሩት በዚያ ክፍል ውስጥ ተራ ያስይዛሉ። ሁለቱ ዓምዶች በጋራ እንዲወስኑ ከተፈለገ በውስጥ ሌላ ቅንፍ ይጨመራል። በዚህ አንድ ቅንፍ ብዙ ሰው ይሰናከላል፤ ሚሊዮን መስመር ያለው መዝገብ በ«ቤይሩት» ብቻ ሲከፈል ሸክሙ ሁሉ በአንድ ክፍል ላይ ይከመራልና። ለእኛ ጉድለት ግን ቅንፉ መልስ አይሆንም። ቅንፉ መስመሩ የት እንደሚተኛ እንጂ ማን ከማን ጋር አንድ እንደሆነ አይለውጥም። አራቱ ዓምዶች ሲገጥሙ ሁለቱ መስመሮች አንድ ናቸው፤ ቅንፉ የትም ይሁን።

ይህን ለማረጋገጥ ዳታቤዙን መንካት እንኳን አላስፈለገም። ከፋይሉ ላይ አራቱን ዓምዶች ብቻ ቆርጠን በፊደል ተራ አሰለፍናቸውና ተደጋጋሚዎቹን ቆጠርን፤ በዩኒክስ ዘመን የነበረ የሁለት ቃል ትእዛዝ ነው። ትርፎቹ 446 ሆኑ። አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልበዛ። በሰዓታት ስንከራከርበት የቆየነው ነገር በአንድ ደቂቃ ተለየ። ከእንግዲህ ማንም ሰው ፋይል ወደዚህ ዓይነት ዳታቤዝ ከማስገባቱ በፊት ይህን ቢያደርግ ብዙ ሌሊት ይተርፈዋል እንላለን።

446ቱን በሦስት ከፈልናቸው። 131ዱ ከደብተር ሲገለበጡ ሁለት ጊዜ የተጻፉ፣ ቃል በቃል አንድ የሆኑ ነበሩ። እነርሱ መጥፋታቸው መልካም ነው። 218ቱ አንዲት አባል በአንድ ወር ሁለት ጊዜ የከፈለችባቸው ናቸው። ይህ የሆነበትን ምክንያት የቀውሱን ዘመን እዚህ ያሳለፈ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ዶላር ለብዙ ዓመት ከ1,507.5 ሊራ ጋር ተቆራኝቶ ቆይቶ ሊራው ሲወድቅ፣ በ2023 መንግሥት ራሱ 15,000 ሲለው፣ ደመወዝ በአንድ ዓይነት ገንዘብ መቀበል ቀረ። ማዳም ግማሹን በሊራ ዛሬ፣ ግማሹን በዶላር ከሁለት ሳምንት በኋላ ትሰጣለች። እህታችንም መዋጮዋን እንደዚያው በሁለት ደረሰኝ ትከፍላለች። ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያውን ሲውጥ፣ ሙሉ የከፈለችው ግማሽ የከፈለች ሆና ትታያለች።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ሐሳብ አይደለም። ፋይሉ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እህት እናቷ መታመሟን ሰምታ ለቲኬት እርዳታ ለመጠየቅ እሑድ ዕለት መጣች። ገንዘብ ያዡ ስክሪኑን አይቶ አራት ወር እንደጎደለባት ነገራት። አልተከራከረችም። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ደረሰኞቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ለእያንዳንዱ ወር ሁለት ሁለት። ስምንቱም የማኅበሩ ማኅተም አለባቸው። ገንዘብ ያዡም ለስክሪኑ ሳይሆን ለማኅተሙ አደረ፤ በማግስቱ ቲኬቱ ተቆረጠ። ደረሰኝ ያልያዘች ብትሆንስ ኖሮ? በዚያን ዕለት ነው መዝገቡ እስኪጣራ ድረስ በዳታቤዙ ብቻ ማንም እንዳይከለከል የተወሰነው።

የቀሩት 97ቱ ከሁሉ የከበዱት ናቸው። እነዚህ የሁለት የተለያዩ ሰዎች መስመሮች ናቸው። በቤይሩት ሁለት አልማዝ ከበደ አሉ እንበል፤ ሁለቱም የጥር ወር ከፍለዋል፤ የአንዷ መክፈል የሌላዋን ደመሰሰ። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ ስምና የአባት ስም ብቻ ነው ያለን። በአገር ቤት ሁለት ሰዎች ስማቸው ሲገጥም «የማን ልጅ?» ተብሎ አያት ይጠየቃል፤ እርሱም ቢገጥም አገሩና እናቱ። ሠንጠረዡ ግን ከተማን ብቻ ነው የጠየቀው፤ ያውም የተወለዱበትን ሳይሆን የሚሠሩበትን።

ተቃራኒውም በሽታ ነበር። በመዝገቡ ያሉት ስሞች ከአባላቱ ቁጥር በ70 በልጠው ተገኙ። ለእኛ ፀሐይ፣ ጸሐይና ፀሀይ አንዲት ሴት ናት። ለኮምፒዩተሩ ሦስት ናቸው። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሲመዘገብ ሀ፣ ሐ እና ኀ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 1200፣ 1210 እና 1280 የሚል የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው፤ ተገቢም ነው፤ ነገር ግን ካሳንድራ የምታወዳድረው ቁጥር እንጂ ድምፅ አይደለም። አንዱ ሰብሳቢ በስምና በአባት ስም መካከል ባዶ ቦታ ሲተው፣ ሌላው በድሮው ሥርዓት ሁለት ነጥብ ይጽፋል፤ ይህም ሌላ ሰው ፈጠረ። ከተማው «ቤይሩት» እና «ቤሩት» ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ የክፍሉ ቁልፍ ስለተለወጠ አንድ ከተማ ሁለት ሆነ። እንዲህ አንድ ቁልፍ ሁለት ሰዎችን ሲያዋህድ፣ ያው ቁልፍ አንድ ሰው ለሁለት ይሰነጥቃል።

ፊደሎቹን ወደ አንድ እንጨፍልቅ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ለፍለጋ ዓምድ አድርገነዋል። ለቁልፍ ግን እምቢ አልን። የተጨፈለቀ ፊደል የተሰነጠቀውን ሰው ቢሰፋም የተዋሐዱትን አይለይም፤ እንዲያውም ያበዛቸዋል። ከዚያም በላይ የሰውን ስም ባለቤቱ እንደሚጽፈው መጻፍ ይገባል።

ታዲያ ቁልፉ ምን ይሁን? የፓስፖርት ቁጥር የሚሉ ብዙ ነበሩ፤ ቀላል መስሎ ነበር። ሆኖም ፓስፖርት ሲታደስ ቁጥሩ ይለወጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በከፋላ ሥርዓት የብዙ እህቶቻችን ፓስፖርት በአሠሪ እጅ ነው። ማዳም መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ቁጥር የማኅበራችን ቁልፍ ሊሆን አይችልም። ስልክም አይሆንም፤ ሲም ይለወጣል፤ አንዱን ስልክ ሦስት ሰው ይጠቀምበታል። በመጨረሻ ማኅበሩ ራሱ ለእያንዳንዱ አባል ቁጥር እንዲሰጥ፣ በካርድም እንዲጻፍ ተስማማን። አዲሱ ቁልፍ የአባል ቁጥር፣ ዓመት፣ ወር፣ የደረሰኝ ጥራዝና የደረሰኝ ቁጥር ነው። ጥራዙ የተጨመረው የደረሰኝ ቁጥር በየጥራዙ ከ1 ስለሚጀምር ነው። የአባል ቁጥር ብቻውን ክፍሉን ስለሚወስን የአንድ ሰው ታሪክ በአንድ ቦታ ይገኛል፤ በአንድ ወር ስንት ጊዜ ቢከፈልም ደረሰኙ ይለያየዋል። ስም ከቁልፉ ወጥቶ ተራ ዓምድ ሆነ።

በካሳንድራ የአንድ ሠንጠረዥ ዋና ቁልፍ ከተቀረጸ በኋላ አይለወጥም፤ አዲስ ሠንጠረዥ ሠርቶ እንደገና ማስገባት ነው። ከማስገባቱ በፊት ግን 97ቱን መለየት ነበረብን። ይህን ኮምፒዩተር አልሠራውም። አምስት እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍና በሰብሳቢዎች ቤት እየተገኘን፣ የደረሰኝ ቀሪዎችን እያገላበጥን፣ የእጅ ጽሕፈት እያመሳከርን፣ «የእናትሽ ስም ማነው?» እያልን አሳለፍን። ዕረፍት የማይሰጣቸውን በስልክ ያገኘናቸው ሌሊት፣ ማዳም ከተኛች በኋላ ነው።

በሁለተኛው ጊዜ ሥራው ተቃና። አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች ሲጣደፉ ለጽሑፍ በተፈቀደው ሁለት ሴኮንድ ውስጥ መልስ መስጠት እያቃታቸው መስመሮች ወደ ኋላ ይቀሩ ነበር፤ በሴኮንድ የሚገባውን መጠን ቀነስንላቸውና ተረጋጉ። ሁለት ጊዜ መብራት ጠፍቶ ፋይሉን ከመጀመሪያ ጀመርነው፤ በዚህ ጊዜ ያ የተረገመው ጠባይ በረከት ሆነ። ትክክለኛ ቁልፍ ያለው መስመር ሦስት ጊዜ ቢገባም አንድ ሆኖ ይቀራል፤ ትርፍ መዋጮ አይፈጥርም። ከ14,386 ላይ ድርብ የተጻፉት 131 ሲቀነሱ 14,255 ይቀራሉ። ከእነዚህ 14,237 ገብተዋል፤ ቆጠራውም በሁለቱ ስምምነት ያንኑ ይላል።

ባለቤታቸው ያልታወቀው 18 መስመሮች ለብቻቸው ተቀምጠዋል። የ2020 እና የ2021 ደረሰኝ በእጃቸው ያለ፣ በተለይም ስማቸው ከሌላ አባል ጋር አንድ እንደሆነ የሚያውቁ፣ ጓደኛቸው አገር ቤት ከገባችም ደረሰኟን አደራ የተቀበሉ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገንዘብ ያዡ ዘንድ እንዲቀርቡ እንጠይቃለን። ደረሰኝ የሌላት ደግሞ የከፈለችበትን ወርና ገንዘቡን የተቀበላትን ሰው ብትነግረን ቀሪውን እኛ እንፈልጋለን።